ጉልበት ከሦስት ጣት

ትናንት ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ነበር። በርሜሉን ስሞላ እጄ ሳላዘው ገባና ከበርሜሉ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ለካ። አራት ጣት ጎድሏል። አንቺ በረንዳው ላይ የሥራ ማስታወቂያሽን ዘርግተሽ "ዲግሪ፣ የኮምፒውተር ችሎታ፣ የሁለት ዓመት ልምድ" እያልሽ ስታነቢ ቀና አልሽና "አክስቴ፣ ሜትር ጠፍቶ ነው በጣት የምትለኪው?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሳቂ፣ ምን አለብሽ። የውሃው ቅዝቃዜ ግን እስከ ክርኔ ወጣና ሌላ አገር ይዞኝ ሄደ። እስቲ ወረቀትሽን አጠፍ አድርጊና ስሚኝ።

ሸዋ ሮቢት ያኔ አሁን አንቺ በመኪና ስታልፊ የምታያት አይደለችም። የኛ ቀበሌ ከከተማው ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነበር። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ከመሬት ይነሳና በደሴ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጎማቸው አስፋልት ሳይነካ የሚንሳፈፉ ይመስሉኝ ነበር። ከማሽላው ማሳ የሞቀ አገዳ ይሸታል፤ ከሽንኩርቱ መደብ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ይመጣል። ከሁሉም ከሁሉም ግን፣ ውሃ ደረቅ ቦይ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ሽታ! አፈሩ መጀመሪያ እሽሽ ይላል፣ ከዚያ ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ያ ሽታ ይነሳል። አሁንም አንዳንዴ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ይሸተኛል።

ያንን ውሃ ለማሳው ሁሉ በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቱ ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተሰብስቦ "ይሄ ሰው አያዳላም" ብሎ የሚመርጠው ሰው ነው። የኛ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ሰግደው በቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ቦዩ ከወንዙ የሚጠለፍበት ቦታ ላይ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እግራቸውን ይነክሩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወንዙ የሚነግራቸው ነገር ያለ ይመስል ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ "ዛሬ ባት ከሁለት ጣት" ይላሉ። ባት ከሆነ ውሃው ለአራት ማሳ ይበቃል፤ ቁርጭምጭሚት ከሆነ ለሁለት ብቻ። በሳቸው እግር የተከራከረ ሰው አላየሁም።

አሥረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ በክረምቱ መሠረተ ትምህርት አስተምሪ ተባልኩ። ጥቁር ሰሌዳው ሮቃው ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ከተማሪዎቼ መሀል ፊት የተቀመጡት የውሃ አባቱ ነበሩ። አያቴ የሚሆኑ ሰው "ሀ በሉ" ብዬ ማዘዝ አፍሬ ስቅለሰለስ፣ "ቆጣ በይ እንጂ አስተማሪዬ!" አሉኝ። "ያልተቆጣ አስተማሪ ያስተማረው አይያዝም።" ከዚያ ወዲያ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ አስተማሪዬ ብቻ። እርሳሱን እንደ አካፋ ነበር የሚጨብጡት። በስንት ትግል መጀመሪያ የጻፉት ቃል "ውሃ" ነው። ጽፈው ሲያበቁ ደብተሩን ራቅ አድርገው ያዙትና፣ "ይቺው ናት? ያን ሁሉ ወንዝ በሁለት ፊደል?" አሉ። ሮቃው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

የመጨረሻውን ፈተና አልፈው ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ሲሰጣቸው፣ "አስተማሪዬ፣ ይሄ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል! ካድሬው ሲናገር የሰማሁትን ይዤ፣ "አባባ፣ ይሄን ይዘው የትኛውም መሥሪያ ቤት ቢሄዱ በሩ ይከፈትልዎታል" አልኳቸው። በላስቲክ ጠቅልለው፣ በክር አስረው ጣሪያው ማገር ውስጥ ሸጎጡት። እኔ በነጋታው ረሳሁት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ የማትሪክ ነጥቤ ግን ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። እናቴ ቤት ተቀምጬ ከሰዓት በኋላ ሁሉ የጣሪያውን ቆርቆሮ ቋ ቋ ማለት ስሰማ ከረምኩ። በዚያ መሀል ነው ወንዙን አጥንቶ ትልቅ ቦይ የሚያወጣ የመንግሥት ፕሮጀክት መጣ የተባለው። ድንኳን ተተከለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ "ከእንግዲህ ውሃ የሚከፈተውና የሚዘጋው በፕሮጀክቱ ውሃ ለኪ ትእዛዝ ነው። የውሃ አባት የሚባል ነገር የለም፤ የፊውዳል ነው" አለ። ሁሉም ዞሮ የውሃ አባቱን አየ። እሳቸው ቆባቸውን አስተካከሉ።

በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለኛ ወንዝ አንድ ውሃ ለኪ ይፈለጋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ያለው። አገሬው ማስታወቂያውን በወሬ ነው የሰማው፤ "ውሃ ለኪ" ሲባል ደግሞ ሌላ ማን ይመጣበታል? ሁሉም "እሰይ፣ እንግዲህ ለሳቸው ነው" አለ። የውሃ አባቱ ግን ራሳቸው ሄደው አነበቡት። ከሩቅ አየኋቸው፤ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እየጎተቱ፣ ፀሐይ ጀርባቸውን እየጠበሳቸው፣ ያነበቡትን እየደገሙ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር በሕይወታቸው ሲያነቡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ወዲያው ወደኔ መጡ። "አስተማሪዬ፣ አሥራ ሁለተኛ ማለት የመጨረሻው አይደለም?"

"አዎ አባባ።"

"እኔስ ያንቺን የመጨረሻውን ጨርሼ ወረቀት ተሰጥቶኝ የለ?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። "አባባ፣ ያ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው" ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን በሩ ይከፈትልዎታል ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ልንገርሽ፣ የራሴን ማመልከቻ ጽፌ ትራሴ ሥር አስቀምጬ ነበር። ሁለቱ ነገር ተደራረበብኝና፣ "ይሞክሩት አባባ" አልኩ። "ኢንሻአላህ" ብለው እየተጣደፉ ሄዱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔም ያን ቀን እያሳሳቅሁ ወሰድኳቸው።

የምዝገባው ቀን የታጠበ ሸሚዝ፣ አዲስ ሽርጥ ለብሰው ከሰልፉ ፊት ቆመዋል። እኔ ከኋላ፣ ትራንስክሪፕቴን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ። ድንኳኑ ውስጥ የሞቀ ሸራና የቀለም ሽታ ነበር። መዝጋቢው መነጽር ያደረገ ልጅ እግር መሐንዲስ ነው። የውሃ አባቱ ክሩን ቀስ ብለው ፈቱ፣ ላስቲኩን ገለጡ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡት። ልጁ አገላብጦ አየውና፣ "አባት፣ ይሄ እኮ የመሠረተ ትምህርት ነው" አለ። በክፋት አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነው። ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

"አስተማሪዬ እዚህ አለች፣ ጠይቃት" አሉና ዞሩ። ዓይናቸው ፈልጎ ፈልጎ አገኘኝ። ከዚያ ደረቴ ላይ ያቀፍኩትን ወረቀት አየ።

ምን ልበልሽ። ፀሐዩ በድንኳኑ ቀዳዳ ገብቶ ፊታቸው ላይ እንዳረፈ እስከ ዛሬ አለ። አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ደስ ባለኝ! ወረቀታቸውን ከልጁ እጅ ወሰዱ፣ በላስቲኩ መልሰው ጠቀለሉ፣ ክሩን አሰሩ፣ "እሷን መዝግባት፤ ጎበዝ ናት" ብለው ወጡ።

ተመዘገብኩ፤ ተመረጥኩም። ስድስት ወር ከተማ ሰልጥኜ፣ የውሃ ፍሰት በስንት መንገድ እንደሚሰላ ተምሬ፣ ደብተርና የታተመ ቅጽ ይዤ ተመለስኩ። ወንዙ ዳር በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ ነጭና ጥቁር ሰሌዳ በብረት ተተከለ። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥሩን አንብቤ እጽፋለሁ። የውሃ አባቱ መንገድ ቀየሩ፤ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር አይታዩም። እኔም ገበያ ላይ ቆባቸውን ከሩቅ ካየሁ በሌላ በኩል እዞራለሁ። እንዲህ ሆነን ከረምን፣ አንድ ወንዝ እያለን።

ሐምሌ ላይ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ጠዋት ስወርድ ሰሌዳውም ብረቱም የለም፤ ቡናማ ውሃ፣ የተነቀለ ቁጥቋጦ፣ የጭቃ ሽታ። ሌላ መለኪያ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ቅጹ ባዶ ከሆነ የክረምቱ ልክ ጠፋ፣ ክረምቱ ከጠፋ የቦዩ ጥናት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ሥራዬ በተጀመረ በአራት ወሩ አለቀ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ።

"አስተማሪዬ፣ መሥሪያ ቤቱ አልተከፈተልኝም እንጂ ወንዙ ክፍት ነው" አሉ። ሽርጣቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን ገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጉልበት ከሦስት ጣት። ጻፊ።"

"አባባ፣ ቅጹ የሚቀበለው ሳንቲ ሜትር ነው" አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ።

"እግሬን ለኪዋ! ሜትር ይዘሻል አይደል?"

እርጥብ አሸዋ ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ለካሁ። ከተረከዝ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ባት፣ እስከ ጉልበት። "ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው?" እያሉ ይስቃሉ። ጉልበታቸው አምሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጣታቸው ሁለት ሁለት። አምሳ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ያንን ክረምት እስከ መስከረም ማለቂያ በየጠዋቱ መጡ። ውሃው ሲቆጣ አይገቡም፤ አስቀድመው በእግራቸው ልክ ምልክት ያደረጉበት ቋጥኝ ነበር፣ እሱን አይተው ይነግሩኛል። ጎህ ሲቀድ ጉሙ ከውሃው ይነሳል፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ጻፊ፣ ጻፊ፣ ውሃው እየሄደ ነው" ይሉኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

አንድ ጠዋት ቅጹን አተኩረው ካዩ በኋላ፣ "እዚህ ታች የማን ስም ነው የሚጻፈው?" አሉኝ።

"የለኪው።"

"ለኪው ማን ነው?"

 ቅጹ ላይ ለሳቸው ቦታ የለም። አለቆቼ የአንድ ሽማግሌ እግር መሆኑን ቢያውቁ ሁሉንም ይጥሉታል። "እኔ ነኝ አባባ" አልኩ በመጨረሻ።

"ማለፊያ" አሉና ሽርጣቸውን ጨምቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱም መጡ።

አዲሱ ሰሌዳ ጥቅምት ላይ ተተከለ። ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ ወንዝ አዛወሩኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ባለሙያ የዚያን ክረምት ልኬት ዘርግቶ፣ "ይሄ እንዴት ንጹህ ሥራ ነው!" ሲለኝ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። እውነቱን መናገር ሲገባኝ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ያልኩት ያኔ ነው።

የውሃ አባቱ የሞቱት እኔ ሩቅ አገር ሳለሁ ነው። ዘግይቼ ለለቅሶ ስሄድ ልጃቸው ከጣሪያው ማገር ውስጥ ያንን ላስቲክ አወጣችና፣ "አስተማሪዬ ስትመጣ ስጧት ብለዋል" አለችኝ። ክሩ በሳቸው አስተሳሰር እንደታሰረ ነበር። ያ የምስክር ወረቀት ነው። ጀርባውን ሳዞረው በእርሳስ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። ቅጼን አይተው እንደሱ መስመር አስምረዋል፤ በአንዱ ቀን፣ በአንዱ ልክ። ባት ከሁለት ጣት። ጉልበት። ጉልበት ከሦስት ጣት። የዚያ ክረምት ጠዋቶች፣ አንድም ሳይቀር፣ እኔ ባስተማርኳቸው በዚያ እንደ አካፋ በተጨበጠ እርሳስ።

መሳቢያውን ክፈቺ፣ አለልሽ። ታችኛውን ጥግ እይው፤ በኔ ቅጽ ላይ ስሜን የምጽፍበት ቦታ ነው። እርሳሱን በጣም ተጭነውት ወረቀቱ በፊት ለፊት፣ በማኅተሙ በኩል አብጧል። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ በጣቴ እየዳበስኩ አነበብኩት።

"ለኪ፦ እኔ።"