መስኮቷን የወሰደው ገንዳ

ያን ዕለት ዝናቡ የጀመረው፣ እንደ ልማዱ፣ ልብስ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊዋ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ወደ ቤት ስትሮጥ የባሏን ታላቅ ወንድም በሩ ላይ አገኘቻቸው። በስብሰዋል። ከኋላቸው ሁለት ተሸካሚዎች ትልቅ የመስታወት ገንዳ ይዘው ያቃስታሉ።

«ጋሼ! ምነው፣ በደህና?»

«ቤቴ እስኪታደስ ነው እንጂ ልከብዳችሁስ አይደለም» አሉ፣ በጭቃ ጫማቸው እየገቡ።

አልከብድም ያሉት ሰው ሳይመሽ የዓሣ ገንዳቸውን በሳሎኑ ብቸኛ መስኮት ሥር ተከሉት። እዚያ የነበረው የስፌት መኪናዋ ተገፍቶ ኮሪደር ገባ። ከዚያ ወዲያ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ፣ ጥቁር ክር ከሰማያዊ እየተምታታባት መስፋት ሆነ ሥራዋ። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው። መንገድ ላይ የሚችለው የለም፤ ታላቅ ወንድሙ ፊት ግን ድምፁ አይወጣም።

«ትንሽ ቀን ነው፣ ቻይው» አላት።

ቻለችው። ምን ታድርግ።

ዓሣዎቹ ሲክሊድ ይባላሉ። መልካቸው የሠርግ ልብስ፣ ጠባያቸው የአውቶቡስ ተራ ግፊያ። አንዱ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ መሀል ያለውን የድንጋይ ዋሻ ይዞ ያለፈውን ሁሉ ጅራቱን ይነጨዋል። ባሏ «ሊቀመንበሩ» ብሎታል። ጋሼም ከገንዳው ጎን ያለውን የሶፋ ጥግ ይዘው፣ ሪሞት ጨብጠው፣ ያዛሉ። ሁለቱንም የምታበላው እሷ ናት።

አንድ ጠዋት አንዲት ትንሽ ቢጫ ዓሣ ጅራቷ ተበጣጥሶ ሞታ ተገኘች።

«አብዝተሽ እያበላሽ ፈጀሽብኝ!» አሉ ጋሼ።

ልብስ ሰፊዋ የሞተችውን በማንኪያ አወጣቻት። ቢጫዋን ትወዳት ነበር፤ ዓሣዋም እንደ እሷው ጥግ ተገፍታ የምትኖር ነበረች። ክር ልትገዛ በወጣችበት የገንዳ ዓሣ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ጎራ ብላ ነገሩን አጫወተችው። ሽማግሌው ሳቀ።

«ልጄ፣ ጠባቸው የምግብ አይደለም፣ የቦታ ነው። ድንጋዩን አውጥተሽ ሌላ ቦታ አድርጊው። ቤቱ ሲለወጥበት አለቃውም እንግዳ ይሆናል። ለመሆኑ ገንዳው የት ነው?»

«መስኮት ሥር።»

«ፀሐይ ላይ? ውሃው አረንጓዴ ይሆንባችኋል እኮ! አንሱት ከዚያ።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜ ጋሼ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ እንደወጡ ባሏን ጠራችው።

«ኧረ ጋሼ ይቆጣል!»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ዓሣ ሻጩ ነው ያለው። በዚያ በኩል ያዝ! ወይስ ያንተንም ድንጋይ ላዛውርልህ?»

ያዘ። ዓሣዎቹ ባልዲ ገቡ፣ ውሃው ተቀዳ፣ ገንዳው ኮሪደር ሄደ፣ ድንጋዩ በአዲስ መልክ ተደረደረ። እጃቸው ከገባ አይቀር ብላ ሶፋውንም ወደ ኩሽናው በር ገፋችው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ውሃው ውስጥ ሲለቀቅ ዋሻውን ፈለገ፤ የለም። የቤት ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ሲዞር ትንንሾቹ ሰላም ሳይሉት አለፉ።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ሳያዩ በቀጥታ ወደ ጥጋቸው ሲያመሩ የስፌት መኪናው ጉልበታቸውን አገኛቸው። ዞሩ። ሪሞቱን በዓይናቸው ፈለጉ። ሳሎኑ መሀል ተገተሩ።

«ማነው ይህን ያዘዘ?»

«ዓሣ ሻጩ» አለች፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካች።

«ሶፋውንም?»

«ሶፋውማ ለዓሣዎቹ ጤና ነው።»

ባሏ ሳል እንደያዘው ሰው አፉን ይዞ ወደ ኩሽና ሮጠ። ጋሼ አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

«ታዲያ... እኔ የት ልቀመጥ?»

ከመጡ ጀምሮ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም።

«ደስ ያለዎት ቦታ ጋሼ። በርጩማም አለ።»

ሊቀመንበሩ ውሎ ሲያድር ሌላ ድንጋይ አገኘ፤ መንጨቱንም አልተወም። የጋሼም ቤት እስካሁን እየታደሰ ነው፤ ኩሽናው በር ላይ ከሶፋው ጋር ተላምደዋል። አልፎ አልፎ ተነስተው ብርሃኗን ሲጋርዱባት ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ድንጋይ ላዛውር እንዴ?» ትላለች፤ ዞር ይላሉ።

ልብስ ሰፊዋ አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች።