የሃምሳ አለቃ አራጌ ውጊያ

ሃምሳ አለቃ አራጌ የጎብዬ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የደንብ ልብስ ለብሶ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ በሰው ላይ አልተኮሰም። ዕድሜውን የጨረሰው በመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠብመንጃ ሲወለውል ነው። ባልደረቦቹ «አራጌ ጥይት የሚያውቀው በሳጥኑ ነው» እያሉ ይተርቡታል። አብሮ ይስቃል፤ ውስጡን ግን ይከነክነዋል።

አለቃው ሻምበል ባሻ ገብረ ሥላሴ ኮሪያ ዘምተው በጨበጣ የተዋጉ፣ ኦጋዴን ላይ የቆሰሉ ሰው ናቸው። ሲያወሩ አራጌ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። «የሚገፋ ሁሉ አንድ ነው፤ ካላቆምከው ይረግጥሃል» ይሉት ነበር።

በ1966 ኅዳር፣ ራያ ዝናብ አጥቶ ሰው በየመንገዱ በሚወድቅበት ጊዜ፣ ሁለቱ ከጥቂት ወታደሮች ጋር እህል የጫነ መኪና አጅበው ቆቦ ገቡ። መንገድ ዳር የተኛው ሕዝብ ጆንያውን ሲያይ ተነሣ። ያ ጉልበት ከየት እንደ መጣ እግዜር ይወቀው! ወደ መኪናው ተንጋጋ።

«አቀባብል!» አሉ ባሻ። ጠብመንጃዎቹ ቀጭ ቀጭ አሉ።

አራጌ ግን የራሱን ጠብመንጃ መሬት ላይ አስቀምጦ ከሕዝቡ ፊት ቆመ።

«አንተ፣ አብደሃል? ተመለስ!»

«ባሻዬ፣ አንዴ ይታገሡኝ።»

ከፊት ከሚገፉት መካከል የእናቱን ጎረቤት ሀሊሜን አያቸው። አጥንት ብቻ ሆነዋል።

«እማ ሀሊሜ! አራጌ ነኝ፣ የየሻረግ ልጅ። መቀነትዎን ይጣሉልኝ!»

«ሆዴን ደግፎ የያዘልኝ እሱ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

በራያ ወንዶች ሲጣሉ እናት መቀነቷን ፈትታ መሀል ከጣለች፣ የወንድሙን ደም የሚፈልግ እንኳ አይሻገረውም። ሀሊሜ አራት ዙር የተጠመጠመውን ፈቱ፤ ተንገዳገዱ፤ በሕዝቡና በመኪናው መካከል ዘረጉት።

«በጠባችሁት ጡት፣ በአላህ ይዣችኋለሁ!»

የፊተኛው ሰው እግሩን እንዳነሣ ቀረ። «መቀነት ወድቋል፣ መቀነት ወድቋል» የሚለው ቃል ወደ ኋላ ተላለፈ። ያ ሁሉ የተራበ ሕዝብ፣ እህሉ ዓይኑ ሥር እያለ፣ ባለበት ቁጭ አለ።

ባሻ ጠብመንጃ አስወረዱ። «እንዲህ ያለ ነገር በጦር ሜዳ አላየሁም። የት ተማርከው?»

«ጎብዬ፣ ከብት ማጠጫው ላይ። በውሃ ጠብ የተነሣ ቀን እናቴ መቀነቷን ይዛ ስትሮጥ ዘገየች። ስትደርስ ሁለት ወንድሞቼ ሞተው ነበር።»

ባሻ በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ኮሪያ ሲያወሩለት፣ እሱን አንድ ቀን ጠይቀውት አያውቁም።

እህሉ በተራ ታደለ። መቀነቱን ማንሣት የሚገባው ለጣለችው ብቻ ነው፤ ሀሊሜ ግን ማጎንበስ አቃታቸው። አራጌ ሊደግፋቸው ሲል ባሻ ቀደሙት። ኒሻን ያንጠለጠለው ደረታቸው አቧራ እስኪነካ ድረስ ተንበርክከው ትከሻቸውን ሰጡ።

«ይደገፉኝ፣ እናቴ።»