ከከድር ጋር የአጋዘን ቅርጫ

ከድርን ባየሁት ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል። ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ነው። ሁለታችንም የአደን ላይሰንስ አወጣንና አጋዘን ጥለን ቅርጫ ልንካፈል ተስማማን። ያልተስማማነው በቀስቱ ነው። እኔ ክሮስቦው የሚሉትን ገዛሁ፤ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ቃታ መሳብ ብቻ ነው። እሱ በክንድ የሚለጠጠውን ገዛ።

«ያንተ የሰነፍ ነው፤ ክንድህ የት ሄዶ ነው?» ይለኛል፣ ያውም ሊፍት ውስጥ፣ ሰው ፊት።

«አንተ ለጥጠህ እስክትጨርስ አጋዘኑ ኩቤክ ይገባል!» እለዋለሁ።

አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ተናቆርን። ወደ ጫካው ስንነዳ እንኳ ሦስት ሰዓት ሙሉ አፉን አልዘጋም።

አጋዘኑ ብቅ ሲል ከድር ገና እየለጠጠ ነበር። ቃታዬን ሳብኩ፣ ወደቀ! ነፍሱ ሳይወጣ ሮጬ ደረስኩና በስመ አብ ብዬ አረድኩት። ከድር እንኳን ደስ አለህ የለ፣ ምን የለ፣ ቀስቱን ትከሻው ላይ አንግቶ ቆመ። ገፍፌ፣ ብልት በብልት አውጥቼ፣ ግማሹን ሰጠሁት።

«ለኔ አይሆንም» አለ።

ነደደኝ። «በክሮስቦው ስለወደቀ ነው አይደል? ቅናታም!»

«በስመ አብ ብለህ ያረድከውን ቤቴ ላስገባ?»

«ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው ቅርጫ ያልከው?» ብዬ ጮህኩበት።

«አንተ በቀስት ስታናድደኝ መቼ አሰብኩት!» ብሎ እሱም ጮኸ። «ቆይ፣ እኔ ቢስሚላህ ብዬ ባርደው ኖሮ፣ አንተ ትበላው ነበር?»