በ«ተመስገን» ዓምድ የወጣው ስም

ባለፈው ቅዳሜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ሱቅ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ገዛሁ። ሚስቴ በርበሬውን ስትገለብጥ መጠቅለያው ላይ ዐይኔ ቀረ። የእኛ መጽሔት ነበር፤ የመጨረሻው እትም፣ የመጨረሻው ገጽ።

በጣልያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ ከልደታ ማርያም ጀርባ በነበረው የሚሲዮናችን ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀምኩ የምደረድር ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ፈረንጆቹ ተባረው አዘጋጁ መምህር ዘለቀና እኔ ብቻ ቀርተናል። ማሽኗ ስትዞር የእንጦጦ ውሾች ይመልሱላት ነበር ብል ያጋነንኩት ጥቂት ነው። በየሳምንቱ ስብከት፣ የልጆች እንቆቅልሽና መጨረሻ ላይ ሁለት ዓምድ እናወጣለን። የታመመ ሰው ስም «ጸልዩላቸው» በሚለው ይገባል፤ ሲድን «ተመስገን» ወደሚለው እናሻግረዋለን። አንድ ሰሞን የመምህርን በቅሎ ስም አስገብቼ፣ ምእመኑ ሁሉ «እኅት ሎሚ ተሻላት?» እያለ ሲጠይቃቸው ከርሟል።

ከዚያ ጣልያን ወንዱን በጭነት መኪና እያፈሰ ይወስድ ጀመር። የታፈሱት ስም መጀመሪያ እንቆቅልሹን ገፋ፣ ቀጥሎ ስብከቱን በላ። ወደ «ተመስገን» የሚሻገር ግን ጠፋ።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በደጃችን ሲያልፉ የሚያማትቡ፣ እኔን «አንተ ፀረ ማርያም» የሚሉኝ ሴት። አንድያ ልጃቸው ተሰማ ሲታፈስ ግን ቆሎ ቋጥረው መጡ።

«ልጄ የእመቤታችን ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ቢሆንም ጻፉልኝ» አሉ።

ጻፍነው።

ክረምት ገባ። አንድ ዓርብ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የደረደርኳቸው የስም መስመሮች ከእጄ ወደቁ። እየለቀምኩ መለስኳቸው። የተሰማን ስም የመለስኩት ግን «ተመስገን» ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስካለ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ገቡ። የሰፈሩ ዲያቆን አንብቦላቸዋል።

«ማን ነው ያየው? የት ነው ያለው?»

ተሳስቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ።

«ጅማ ነው፣ እትዬ። አንድ ነጋዴ አይቶታል።»

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ቀልድም ውሸትም በልኩ አላውቅም። «ለሹማምንት ወጥ እየሠራ፣ ወፍሮ አንገቱ ጠፍቷል አሉ» ብዬ ጨመርኩ።

ሳቁ። «ድሮም ሆዳም ነው» አሉ። «ጣቶችህ ይባረኩ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ለመምህር ነገርኳቸው። «ሰኞ ሄደን እንነግራቸዋለን» አሉ። «በሚመጣው ሳምንት እርማት እናወጣለን።»

ሰኞ ስንሄድ በራቸው ተዘግቷል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሶ ቋጥረው በጅማ መንገድ በእግራቸው ወጥተዋል፤ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዕድሜ። ሁለት ቀን ሙሉ ተከተልናቸው። አየኋቸው የሚል አላገኘንም፤ የጣልያን ኬላ መለሰን። ልደታ ስንደርስ ማተሚያ ቤቱ ታሽጎ፣ በሩ ላይ ወታደር ቆሟል።

ከእናትም ከልጅም የተመለሰ የለም።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ሚስቴ።

«በርበሬው ነው» አልኳት።

ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰውን ሆዱን አስይዤ አስቃለሁ፤ ይህን ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ገጹን በጨርቅ ጠራረግኩት። ተሰማ አሁንም «ተመስገን» ሥር አለ። የእትዬ አስካለን ስም «ጸልዩላቸው» ላይ ፈለግኩ፤ እንደማይኖር እያወቅኩ። እሳቸው የጠፉት መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የምናትመው ሳምንት አልነበረንም።