ለቴጋን የተመረጠው ዜማ

ኖሊን ፐርቴል በርኒ በምትባል ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ከበሮና ማሪምባ፣ ማለትም የተደረደሩ እንጨቶች በመምቻ የሚመቱበትን መሣሪያ፣ አስተምራለች። ለተማሪ ዜማ መምረጥ ጫማ እንደ መግዛት ነው ትላለች፤ ትንሽ ሰፋ ይበል እንጂ እግር አይዋኝበት። ዜማዎቿን ከቀላል ወደ ከባድ በሦስት ካርቶን ለይታ ታስቀምጣለች። ሦስተኛው በየእጃቸው ሁለት ሁለት መምቻ ይዘው ብቻቸውን ለሚጫወቱ ጎበዞች ነው። ከዚያ ካርቶን ሥር አንድ የወየበ ወረቀት ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለፈተና ቀርባበት መሐል ላይ ያቋረጠችው ዜማ። ለማንም ሰጥታው አታውቅም። ለተማሪዋ ለቴጋን ግን ሰጠቻት።

ቴጋን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን አገላብጣ ስታበቃ፣

«ይሄን የጻፈው ሰውዬ ስንት እጅ ነበረው?» አለች።

«እንዳንቺው ሁለት። ማጉረምረም ግን አያውቅም ነበር።»

ቴጋን አራት ወር በትምህርት ቤቱ ትንሽ ማሪምባ ላይ ተለማመደች። የከተማው ውድድር በሚካሄድበት አዳራሽ ያለው ግን ትልቁ ነው። ወፍራም ድምፅ የሚሰጡት እንጨቶቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ክንድ ርቀቱን እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ስለዚህ መምህራን ሁሉ ከውድድሩ በፊት ተማሪያቸውን ለአንድ ሰዓት ያመጣሉ። የአዳራሹ ጠባቂ ስለሆንኩ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ኖሊን ሐሙስን ይዛ ነበር፤ ረቡዕ ደውላ «ተወው፣ አንመጣም» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ፣ በውድድሩ ላይ፣ ቴጋን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ መምቻዋ በሁለት እንጨቶች መሐል ገባ። ቀጥሎም ሳተች። አላቆመችም፤ አንገቷን ደፍታ እየሳተች ጨረሰች። ከመድረክ ወርዳ ኖሊንን «አሳፈርኩሽ፣ ይቅርታ» አለቻት። ኖሊን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ ወዲያ ቴጋን ለትምህርት አልመጣችም።

በሦስተኛው ሳምንት ኖሊን ሁለተኛውን ካርቶን ታቅፋ ቤቴ መጣች።

«መኪናህን አስነሳ። ብቻዬን ከሄድኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።»

እየሄድን ነገረችኝ። ዜማ መቀየር የሚቻለው እስከ ዓርብ ነበር። ቴጋን ትልቁን ማሪምባ ከሞከረች «ቀለል ያለውን ልጫወት» እንደምትል ኖሊን ገብቷት ነበር። ስለዚህ አዳራሹ ዝግ ነው ብላ ዋሸቻት።

የቤታቸውን በር የከፈተችው ቴጋን ራሷ ነበረች።

«ያን ሐሙስ አዳራሹ ክፍት ነበር» አለች ኖሊን። «ዜማውን እንዳትቀይሪ ፈርቼ ነው።»

ቴጋን ወደ እኔ አየች። እውነት ነው ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«እኔ እኮ እጄን ስረግም ከረምኩ» አለች። «ለምን?»

«እኔም በልጅነቴ እዚያው ዜማ ላይ ወድቄያለሁ።»

«ታዲያ ጫማው ያንቺ ነበራ።»

ኖሊን ካርቶኑን ዘረጋችላት። «ከዚህ ራስሽ ምረጪ። ካልፈለግሽም...»

«ካልፈለግሁም አልፈልግም» አለችና ካርቶኑን ተቀብላ በሩን ዘጋችው።

ሁለት ሳምንት ቆይታ ቴጋን የደወለችው ለእኔ ነው።

«ሐሙስ አዳራሹ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

«እዚያ ትልቁ ላይ ነው የምመርጠው። ኖሊን ትምጣ፣ ግን ከኋላ ትቀመጥ።»

ኖሊን መጨረሻው ረድፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። ቴጋን ከካርቶኑ አንድ አንድ እያወጣች ትንሽ ትመታና ታስቀምጣለች። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው። ኖሊን ያን ዜማ ለቴጋን ያንሳታል ትል ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።