በሲሚንቶው ስር የቀረ እጅ

ጓደኛዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ቁመቱ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ «እስቲ ጎንበስ በልና ልይህ» የሚያሰኝ። «ይህን ቁመት ያወረሰኝ አባቴ ነው» እያለ ይኩራራ ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞቱ መልካቸውን አያውቅም፤ ፎቶግራፍም የላቸው። ከእናቱ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከየካ ሚካኤል ወዲያ ባለው ኮረብታ ስር፣ በአንድ አሮጌ መስጊድ ግድግዳ ላይ፣ አመልካች ጣቱ ጎራዳ የሆነ የአባቱ መዳፍ ታትሟል።

በዚያ በደርግ ዘመን በላምበረት በኩል ደሴ ሲመላለስ አስፋልቱን በጎማው ፍቆ አሳስቶታል። «ግባና እየው እንጂ!» ስለው መልሱ ሁሌም «ስመለስ» ነው። ሲመለስ ደግሞ ወይ ጭነት ያስቸኩለዋል፣ ወይ ቀበሌ ስብሰባ ይጠራዋል። ስብሰባው እንደሆን ጢም ሳያበቅሉበት አያልቅም።

አንድ እሑድ ግን ሄድን። እኔ ክርስቲያኑ አጃቢ ነኝ። ደጃፉ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አውራ ጣቴ ካልሲዬን ቀዶ ከኔ ቀድሞ ገባ። መስጊዱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ሳቁና አስገቡን።

«እዩልኝ!» አሉ ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ። «ባለፈው ወር ነው ያስለሰንነው። ሲሚንቶ ነው! ከእንግዲህ ዝናብ አይደፍረውም።»

ያኔ ሲሚንቶ ከማግኘት መንግሥተ ሰማያት መግባት ይቀል ነበር። ግድግዳው እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ጓደኛዬ ከጥግ እስከ ጥግ አየው።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «መስጊዱን ያቆሙት ከወሎ በበቅሎ የሚመጡ ነጋዴዎች ናቸው። በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ግድግዳውን በጭቃ ይመርጉታል፤ ከዚያ ሁሉም እርጥቡ ላይ በግንባሩ ትክክል መዳፉን ያሳርፋል። መንገድ ላይ ሞቶ የቀረ ሰው ካለ የመዳፉን ቦታ ሳይመርጉ ይተዉለታል።»

«አባባ፣ አመልካች ጣቱ ጎራዳ የነበረ ሰው…»

«የጭነት ገመድ የቆረጠው? እንዴት አላውቀው!»

«ልጁ ነኝ።»

ሽማግሌው መታ መታ ሲያደርጉበት የነበረውን እጃቸውን ከግድግዳው ሰበሰቡ። «ምነው ልጄ፣ አምና መጥተህ ቢሆን!» የጓደኛዬን እጅ ያዙና ሲሚንቶው ላይ አሳረፉት፤ ከደረቱ በታች። «እዚህ ጋ ነበረች።»

«እዚህ? ይሄ በግንባሩ ትክክል ነው?»

«አጭር ሰው ነበር፣ ልጄ። ሲስቅ ግን ላምበረት ድረስ ይሰማ ነበር።»

ጓደኛዬ ቀስ ብሎ በርከክ አለና ግንባሩን ሲሚንቶው ላይ አደረገ። «ለካ ቁመቴ የእናቴ ነው» አለ።

ለዚህ ቁመት የሚሆን ስንት ቀልድ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝ። ሽማግሌው ዞር ሲሉ ያቺን ቦታ በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኋት። መቼም ግንበኛው እጁ ይባረክ፣ ቅንጣት አልረገፈም።