የተቃናችው ጣት

መተዳደሪያዋ የሰው ፊት ማቃናት ነበር። ከፎቶ ቤቱ በስተኋላ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ በሚቀርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ኔጌቲቩን፣ ፎቶ የሚታተምበትን ፊልም፣ ዘርግታ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ ሽብሽቡን፣ ጠባሳውን፣ ብጉሩን ስታጠፋ ትውላለች። ሙሽራዋ አምሮባት ትወጣለች፤ አለቃው ዐሥር ዓመት ተቀንሶለት ይወጣል። ባለ ፎቶ ቤቱ፣ "የእግዜርን ሥራ የምታርም ሠራተኛ አለችኝ" እያለ ለደንበኞቹ ይቀልዳል። እሷን ቀልዱ አይጥማትም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰው ፊት ላይ እውነቱን ስትፍቅ መኖር ምን ያስቃል?

አግብታ አታውቅም። እናቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ሄደ። እናቷ ሲሞቱ አርባ ሞልቷት ነበር፤ ቤቱ ጭው አለባት። ታላቅ ወንድሟ ባቡር ጥገና ቤት መካኒክ ነውና፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታስር እየጎተተ ወደ ሠራተኞቹ ክበብ ይዟት ሄደ።

"ከግድግዳ ጋር ስታወሪ ልታረጂ ነው እንዴ? ነይ፣ ሰው እዪ!"

ክበቡ ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም የሆኑ አሮጌ አዳራሽ ነበር። እሑድ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሦስት ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ ጡረተኞች ከነሚስቶቻቸው እየተነሡ ይደንሳሉ። ወንድሟ ካርታ ከሚጫወቱ ጓደኞቹ ጋር ተቀላቀለና እሷን ረሳት። ምሰሶ ሥር ተቀምጣ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ከቦርሳዋ የፎቶ ፖስታና እርሳስ አይጠፋምና፣ ሳታስበው ድራም መቺውን በፖስታው ጀርባ ላይ መሣል ጀመረች።

ዕረፍት ሲሆን ድራም መቺው ላቡን እየጠረገ መጥቶ ከትከሻዋ በላይ አየ። አጭር፣ ድብልብል ያለ ሰው ነው፤ ጓደኞቹ "ጎማ" ይሉታል።

"ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እኔ? ይሄ ሁሉ ሆድ የኔ ነው?"

"አዎ" አለች፤ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች።

ጎማ ወደ መድረኩ ዞሮ ጮኸ፦ "ኑ እዩ! ይሄን ያህል ዓመት አብራችሁኝ ስትጫወቱ መወፈሬን ያልነገራችሁኝ ጉዶች! ይቺ ሴትዮ በሩብ ሰዓት አጋለጠችኝ!"

ሁለቱም መጡ። አንደኛው ያን ሰው የሚያክል ባለ ክር መሣሪያ፣ ባሱን፣ ታቅፎ የሚጫወተው ነው። በቀን ከሦስት ቃል በላይ ስለማይወጣው ስሙ "ዝምታ" ሆኖ ቀርቷል። ሌላው ክላርኔት የሚነፋው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆም ትንሽ ዘመም የሚል፣ "ሸምበቆ" የሚሉት ነው። ሸምበቆ ፖስታውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አየው።

"ሊመታ ሲል ትከሻው እንዲህ ከፍ ይላል። እኔ ልብ ብዬው አላውቅም፤ ግን እንዲህ ነው" አለ። ከዚያ መለሰላትና፣ "እሜቴ እርሳስ፣ በሚመጣው እሑድ ደግሞ እኔን እዪኝ" አላት።

እንዲህ ተጀመረ። ጥቁር ሽፋን ያላቸው ደብተሮች ገዛች። በየእሑዱ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ፣ በየገጹ ጥግ ቀኑን እየጻፈች ሦስቱን ትሥላለች። መጀመሪያ እጇ አልደርስ ይላት ነበር፤ አንዱን ክንድ ስትጀምር ክንዱ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሸምበቆ ነው ዘዴውን የነገራት፦ "እኛ ስንጫወት ጣታችንን እናያለን እንዴ? አንቺም ወረቀቱን ተዪውና እኛን እዪ።" ወረቀቱን ማየት ተወች። ከዚያ በኋላ መስመሮቿ ተንገዳገዱ፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ነፍስ ዘሩ። የጎማ ሆድ ሆድ፣ የዝምታ መላጣ መላጣ ሆኖ ወጣ። በሳምንቱ ውስጥ ሳትዋሽ የምትውልባት ቀን እሑድ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሸምበቆ ቤት ልምምድ አለ፤ እዚያም ትሄዳለች። የሸምበቆ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ጥግ ላይ አስጠግታ፣ የተቆረጠውን ጨርቅ ከአልጋው ላይ ሰብስባ ቦታ ትለቅላቸዋለች። "እነሱ ሲጀምሩ እኔ መስፋት አልችልም፤ እግሬ ፔዳሉን በነሱ ምት ይረግጥና እጅጌው ጠማማ ይሆንብኛል" ትላለች። ሠዓሊዋ እትዬ ትላታለች፤ ሸምበቆን ጋሼ። አንድ ክረምት የሠዓሊዋ ጣራ ሲያፈስ ሦስቱ ሙዚቀኞች መሰላል ተሸክመው መጡ። ጎማ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ "ቆርቆሮው ከድራሜ ይሻላል" እያለ በመዶሻ ሲደልቅ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። ለካስ ሰው ወንድምና እህት የሚያገኘው ከእናቱ ሆድ ብቻ አይደለም።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሰባተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ የሸምበቆን ቀኝ እጅ ስትሥል እርሳሷ ቆመ። ትንሿ ጣት ከቦታዋ የለችም። ሌሎቹ ከቀዳዳው ወደ ቀዳዳው ሲዘሉ፣ እሷ እንደ ደከመ ሰው ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ ቀርታለች። ሣለቻት፤ ልክ እንዳለችው፣ ታጥፋ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ አየች፤ ያችው ናት። ሸምበቆ አንድ ድምፅ ጎርበጥ ባለበት ጊዜ የክላርኔቱን አፍ አውጥቶ እያየ፣ "ይሄ የማይረባ ቀጭን እንጨት ተሰንጥቋል" አለ። ጎማ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ደብተሩን ገለጠችው። የታጠፈችውን ጣት ደጋግማ አየቻት። ሸምበቆ አንዳንዴ ገጽ ቀድዶ ለሚስቱ ይወስዳል። ይቺን ቢያይስ? ሚስቱ ብታይስ? ክፉ ወሬ ነጋሪ ከምሆን፣ አለች በልቧ፣ ምናልባት ድካም ይሆናል፤ ምናልባት ያልፋል። ላጲሱን አነሣች። ጣቷን አጠፋችና ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ድሮዋ፣ ከሌሎቹ ጎን አቆመቻት። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራው ይኸንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ማጥፋትም አላስፈለጋት፤ ገና ስትሥላት አቅንታ ትሥላት ጀመር። ትንሿን ጣት፣ ቀጥሎ አጠገቧ ያለችውን፣ ቀጥሎ የእጅ አንጓውን። ስምንት ወር። ማንም ምንም አላለም። ሸምበቆ ከባዶቹን ዜማዎች ቀስ በቀስ ተወ፤ "ሰው ሰልችቶታል" ይላል። ዝምታ ክላርኔቱ የጎደለበትን ቦታ በባሱ ሞላ ያደርግለታል። ሁሉም ያየውን በሆዱ ይዞ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሸምበቆ ፎቶ ቤቱ መጣ። ጠባቧ ክፍል በር ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶታል።

"ደብተሮችሽን እንድታሳዪኝ ነው የመጣሁት" አላት። "እጄ ታሟል። ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። 'መቼ ጀመረህ?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምኑን አውቄ! ወር ልበል፣ ዓመት ልበል? ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ቀን ትጽፊያለሽ። እጄን ከኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ከመሳቢያው የመጨረሻዎቹን ሁለት ደብተሮች አወጣች። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። እሱ የመስታወቱን ጠረጴዛ መብራት አበራና በግራ እጁ መግለጥ ጀመረ።

"ይኸው የዛሬ ዓመት፤ ደህና ነው። የዛሬ ስድስት ወር፤ እሱም ደህና ነው። የዛሬ ሦስት ወር..." ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "ትንሿ ጣቴ ያኔ እንኳ ቀጥ ብላለች? ባለፈው እሑድስ? ባለፈው እሑድ እኮ ክላርኔቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር!"

ቀና ብሎ አያት።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያቃናኋት።"

"እንዴት?"

"አይቻት ነበር። ከስምንት ወር በፊት። አንጀቴ አልችል ብሎኝ..."

ሸምበቆ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ኔጌቲቭ አነሣ፤ ግማሽ ፊቱ የተስተካከለ፣ ግማሹ ያልተነካ ሽማግሌ ነበር። አይቶ መለሰው።

"እኔንም ከደንበኞችሽ ጋር ደባለቅሽኝ" አለና ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ አልሄደችም። በሚቀጥለውም። ጎማ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ "ምን ሆንሽ?" ቢላት፣ "ዓይኔን አሞኛል" አለችው። በአምስተኛው ሳምንት የሸምበቆ ሚስት መጣች። ትከሻዋ ላይ ከጨርቅ የረገፈ ክር ነበረባት።

"ነይ፣ ይጠራሻል" አለች። "ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። ከጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል አሉ። መድኃኒት የለውም። ያኔም ቢታወቅ የለውም፤ ስለዚህ አንቺ ራስሽን አትብዪ።"

ይህን ስትሰማ ቀለል ሊላት ሲገባ ባሰባት።

ተያይዘው ሄዱ። ሸምበቆ መስኮት አጠገብ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ክላርኔቱ ጭኑ ላይ ነው። ሚስቱ ወደ ጓዳ ገባች።

"ተቀመጪ" አላት። "ተናድጄብሽ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ስለ መድኃኒቱ አይደለም። እኔም እኮ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። ቀኑን አላስታውስም እንጂ አውቄዋለሁ። ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ስቆልፍ፣ አውቀው ነበር። ለሚስቴ አልነገርኩ፣ ለነጎማ አልነገርኩ። መድረኩ ላይ ቆሜ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ስምንት ወር ብቻዬን ነበርኩ። አንቺ ደግሞ እዚያው ምሰሶ ሥር ሆነሽ ታውቂ ነበር።"

ክላርኔቱን በግራ እጁ ዳበስ አደረገው።

"ብትነግሪኝ ኖሮ ሁለት እንሆን ነበር።"

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ሳትሰበስበው ወረደ። ሸምበቆም አላባበላት፤ እስኪበቃት ጠበቃት። ከዚያ ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ በግራው አውጥቶ ክላርኔቱ ላይ አኖረው። ሦስት ጣቶች ታጥፈዋል፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ያለው ሥጋ ሟሙቶ ጎድጉዷል።

"በይ፣ አሁን ሣዪኝ። እንዳለሁ።"

ሣለችው። አንዲት መስመር እንኳ አልደለዘችም።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ትሄድ ነበር። አንዳንዴ በግራ እጁ ባዶ ክላርኔቱን ይዞ፣ ሳይነፋ፣ ጣቶቹን በሐሳቡ ብቻ እያንቀሳቀሰ አንድ ሙሉ ዜማ ይጨርሳል። የት ጋ እንደደረሰ ከቅንድቡ ታውቃለች። በኋላ ክላርኔቱን መያዝም ተሳነው፤ አጠገቡ ታስቀምጥለታለች። ክንዱ ሄደ፤ አንገቱ ደከመ። ሁሉንም ሣለችው። ንግግሩ ሳይጠፋ በፊት አንድ ቀን ገጹን አይቶ፣ "ጆሮዬን አስረዘምሽው" አላት። "የራስህ ነው ጋሼ፣ ሥጋህ ሲከሳ ነው የረዘመው" አለችው። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና ሚስቱ ሮጣ መጣች።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አረፈ። በቀብሩ ማግስት፣ እሑድ፣ ጎማና ዝምታ አዳራሹ ሄደው ተጫወቱ። ሰው ሁሉ ይቀራሉ ብሎ ነበር። ክላርኔቱ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ጎማ ድራሙን ሊሞላበት እጁን አነሣ፤ ዝምታ በዓይኑ ከለከለው። ቦታውን ባዶ ተዉት። የሚደንሱት ሽማግሌዎችም እዚያ ጋ ሲደርሱ ባሉበት ቆሙ። ሠዓሊዋ ምሰሶው ሥር ነበረች፤ ያን ዕለት ምንም አልሣለችም።

ሦስቱ ሁለት ሆነው ብዙ አልቆዩም። ጎማ ልጁ ወደሚኖርበት ከተማ ሄደ። ዝምታ ባሱን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠው። ፎቶ ቤቱም ኔጌቲቭ የሚባል ነገር ቀረና ፊት የሚያስተካክል ኮምፒውተር ገዛ፤ እሷን ምስል እንድታስረክብ ፊት ለፊት አወጧት። አልከፋትም።

አንድ ቀን ደብተሮቹን ሁሉ ጠቅልላ ለሸምበቆ ሚስት ወሰደችላት።

"ያንቺ ናቸው እትዬ።"

ሚስቱ ጥቅሉን ነካ አደረገችው፤ አልፈታችውም። "አሁን አልችልም" አለች። "አንቺ ጋ ይቀመጥ። የምችል ቀን እነግርሻለሁ።"

ያ ቀን እስካሁን አልመጣም። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ሠዓሊዋ አሁንም ትሄዳለች። ስለ እሱ ብዙ አያወሩም። ስለ ሚስቱ ጉልበት ያወራሉ፤ ስለ ክር መወደድ፤ ከላይ ቤት ስላለችው ጨቅጫቃ ተከራይ። ሻይ ይጠጣሉ። አንዳንዴ የስፌት መኪናው ብቻ ይሰማል። ሲመሽ ተነሥታ ኮቷን ትለብሳለች፤ ሚስቱ እስከ በሩ ትሸኛታለች።

"ማክሰኞ?" ትላታለች።

"ማክሰኞ።"